ሦስት ጊዜ ስሙ የተለወጠ ርስት

የርስት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በባለርስቶቹ ስም ነው። እገሌ ከንጉሡ እጅ ተቀበለ፣ እገሌ ከአባቱ ወረሰ፣ እገሌ ሸጠ፣ እገሌ ተነጠቀ እየተባለ የትውልድ ሐረግ ይቆጠራል። መሬቱ ግን ጌታው በተለወጠ ቁጥር ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሞፈር የሚይዘውም እጅ ብዙውን ጊዜ ያው የትናንቱ እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአንድ የጀርመን ገጠር ርስት ታሪክ ለማውሳት ስነሣ፣ ከጌቶቹ ስም ጎን ለጎን ሌላም ጥያቄ እንዳልዘነጋ ራሴን አስጠንቅቄአለሁ፤ ይኸውም በእያንዳንዱ የባለቤት ለውጥ ለአራሹ ምን ተለወጠለት? የሚል ነው።

ርስቱ የሚገኘው ከበርሊን በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የኦደር ወንዝ ለጥ ያለ ሜዳ በሚጀምርበት ዳርቻ ነው። ዛሬ ኖይሃርደንበርግ ይባላል። ለአርባ ዓመታት ያህል ማርክስቫልደ ይባል ነበር። ከዚያ በፊትም ኖይሃርደንበርግ ነበረ፤ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ክቪሊትስ ይባል ነበር። እንግዲህ መንደሩ ሦስት ጊዜ ስሙ ተለውጧል፤ ሦስቱንም ጊዜ ከመሬቱ ባለቤትነት ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንደሩን ስም መጀመሪያ ያየሁት በካርታ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በላይፕሲግ ከተማ በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ከሚማሩት የውጭ አገር ተማሪዎች መካከል እኛ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አልነበርንም። የጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን ታሪክ ስንማር በ1945 የተነገረ አንድ መፈክር አጋጠመን። በጀርመንኛ ቤት የሚመታ አጭር ሐረግ ነው፤ ትርጉሙም የዩንከሮች መሬት ወደ ገበሬ እጅ ይግባ እንደማለት ነው። ዩንከር የሚባሉት ከኤልበ ወንዝ በስተምሥራቅ የነበሩት ባለርስት መሳፍንትና መኳንንት ናቸው። ከሌላ አገር የመጡት የክፍል ጓደኞቻችን መፈክሩን እንዲረዱት መምህራችን ብዙ ማብራራት ነበረባት። ለእኛ ግን ማብራሪያ አላስፈለገንም። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው «መሬት ላራሹ» ካሉበት አገር የመጣን ነበርን፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲታወጅም በሕይወታችን ያየን ነን። የእኔ አያት የእኩል አራሽ ነበር። ዘሩ ከማን እንደ ወጣ፣ ክምሩ ሲወቃ ባለመሬቱ በማን በኩል እንደ ቆመ ሲተርክልን ያደግን ልጆች፣ ዩንከር የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ባይፈታልንም ገብቶናል።

ርስቱ በታሪክ ጎላ ብሎ የወጣው በጦር ሜዳ ውለታ ምክንያት ነው። የፕሩሺያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ነሐሴ 12 ቀን 1759 በኩነርስዶርፍ በሩሲያና በኦስትሪያ ጦር ክፉኛ ተሸነፈ። ከሜዳው ሲሸሽ የኮሳክ ፈረሰኞች ሊማርኩት ተቃርበው ነበር። ያን ጊዜ ዮአኺም በርንሃርድ ፎን ፕሪትቪትስ የተባለ የፈረሰኛ መኮንን ጥቂት ወታደሮች ይዞ ደርሶ ንጉሡን አዳነ። የሰባቱ ዓመት ጦርነት በ1763 ሲያበቃ ንጉሡ ለዚህ መኮንን የክቪሊትስን ርስት ሰጠው። የአንድ ቀን ውለታ የአንድ መንደር ሕዝብ ሆኖ ተከፈለ ማለት ነው።

«የመንደር ሕዝብ» ማለቴ ለማጋነን አይደለም። በዚያ ዘመን በብራንደንቡርግ ርስት ሲሰጥ የሚሰጠው አፈሩ ብቻ አልነበረም። ገበሬው በትውልድ ለጌታው ተገዥ ነበር። ያለ ጌታው ፈቃድ መንደሩን ለቆ ሊሄድ፣ ትዳርም ሊመሠርት አይችልም። በጌታው ሁዳድ ላይ በተወሰኑት ቀናት በራሱ ከብት ያርሳል፤ ልጆቹም በጌታው ቤት በአሽከርነትና በገረድነት የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው። ዳኛው ጌታው፣ የጸጥታው ሹም ጌታው፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ቄስ የሚመርጠው ጌታው ነበር። ገበሬው ጌታውን ለመክሰስ ቢያስብ እንኳ መጀመሪያ የሚያገኘው ችሎት የዚያው ጌታ ችሎት ነው።

ፕሪትቪትስ በዚህ ርስት ላይ ባለ አንድ ፎቅ፣ ሦስት ክንፍ ያለው መኖሪያ ቤት አሠራ። በ1792 ደግሞ ያዳነው ንጉሥ ከሞተ ስድስት ዓመት ሲሞላ በአትክልቱ ቦታ ውስጥ የእብነ በረድ ሐውልት አቆመለት። በሐውልቱ ላይ የጦርነት አምላክ ማርስና የጥበብ አምላክ ሚኔርቫ ለንጉሡ ያለቅሳሉ። ለዳግማዊ ፍሬድሪክ ከቆሙት ቀደምት ሐውልቶች አንዱ ይኸው ነው። ሰጪውና ተቀባዩ በድንጋይ ተመዝግበዋል። የተሰጡት ሰዎች በድንጋይ አልተመዘገቡም።

በ1801 መንደሩ በእሳት ወደመ። ባለርስቱ፣ የአዳኙ ፕሪትቪትስ ልጅ፣ መንደሩን መልሶ ለማሠራት ገና ሃያ ዓመት የሆነውን አንድ ወጣት የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ጠራ። ይህ ወጣት ኋላ የበርሊንን መልክ የለወጠው ካርል ፍሪድሪሽ ሺንከል ነው። ዛሬም መንደሩን የሚያቋርጠው እጅግ ሰፊ ጎዳና፣ በግራና በቀኝ በሥርዓት የተደረደሩት ዝቅተኛ ቤቶች፣ የዚያ ፕላን ውጤት ናቸው። የጎዳናው ስፋት ለውበት ብቻ የታሰበ አይደለም፤ እሳት ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው እንዳይዘል ያገለግላል። የሥነ ሕንፃ ሰዎች ይህን መንደር የሚያደንቁት በሚገባ ነው። እኔም አደንቃለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ በአንድ ታላቅ አርክቴክት እጅ በተነደፉት በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የገቡት ገበሬዎች ገና ነፃ ሰዎች አልነበሩም።

ነፃነቱ የመጣው በሽንፈት ምክንያት ነው። ፕሩሺያ በ1806 በናፖሊዮን ጦር በተደመሰሰች ጊዜ ገባር ሆኖ የሚዋጋ ወታደር እንደ ነፃ ዜጋ እንደማይዋጋ መሪዎቿ ተረዱ። ጥቅምት 9 ቀን 1807 በወጣው ድንጋጌ የትውልድ ተገዥነት እንዲቀር፣ ከ1810 የቅዱስ ማርቲን በዓል ጀምሮ በመንግሥቱ ውስጥ ነፃ ሰው ብቻ እንዲኖር ታወጀ። ሰውየው ነፃ ወጣ፤ መሬቱስ? ይህን ጥያቄ ለመፍታት የተነሣው ከ1810 ጀምሮ የመንግሥት ቻንስለር የነበረው ካርል አውጉስት ፎን ሃርደንበርግ ነው። መስከረም 14 ቀን 1811 ባወጣው ድንጋጌ ገበሬው የሚያርሰው መሬት የራሱ እንዲሆን ፈቀደ። ነገር ግን ጌታው ስለሚቀርበት ጉልበትና ግብር ካሣ እንዲያገኝ ተወሰነ፤ ካሣውም ከዚያው መሬት ላይ ተቆርሶ ነው። መሬቱን በዘር ውርስ የያዘው ሲሶውን፣ በዘር ውርስ ያልያዘው እኩሌታውን ለጌታው አስረክቦ የቀረው የራሱ ይሆናል።

ሲሶና እኩል! ይህን ድንጋጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ እነዚህ ሁለት ቃላት በአማርኛ ጆሮዬ ውስጥ ጮኹ። በእኛ አገር ሲሶ አራሽና እኩል አራሽ ሲባል የሚከፈለው ምርቱ ነበር፤ በየዓመቱ፣ ማለቂያ በሌለው ሁኔታ። በፕሩሺያ የተከፈለው ራሱ መሬቱ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ለዘለዓለም። የትኛው እንደሚከብድ አያቴን ብጠይቀው ምን ይመልስልኝ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ምናልባት እኩሌታውን መሬት ሰጥቶ በቀረው ላይ ጌታ መሆንን ይመርጥ ነበር። ሆኖም ይህን ምርጫ ያገኙት በፕሩሺያም ሁሉም ገበሬዎች አልነበሩም። ባላባቶቹ ስለ አቤቱታቸው ብዛት በ1816 ድንጋጌው በሌላ ማብራሪያ ተሸራርፎ፣ የመሬት ባለቤት መሆን የሚችሉት የራሳቸው ጥማድ ያላቸው ጠንካራ ገበሬዎች ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። ጥማድ የሌለው ጎጆኛ ግን ነፃነቱን ይዞ መሬት አልባ ቀረ። ከእነዚያ ነፃ ድሆች መካከል ነው የባለርስቶቹ የቀን ሠራተኛ የተገኘው።

ለሃርደንበርግ ፍርድ ስንሰጥ ሚዛናችን እንዳያጋድል ያስፈልጋል። ሥራውን የሚቃወሙት ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ከዚሁ ርስት ብዙም በማይርቀው በፍሪደርስዶርፍ የሚኖረው ባላባት ፎን ደር ማርቪትስ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ሆኖ ቻንስለሩን አጥብቆ በመቃወሙ፣ ሃርደንበርግ ሁለቱንም በ1811 በሽፓንዳው ምሽግ አሳሰራቸው። ለገበሬው ግማሽ መብት ለመስጠት እንኳ ባላባት ማሰር ያስፈልግ ነበር። ይሁንና የታሪክ ምፀት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ናፖሊዮን ሲሸነፍ ንጉሡ ለቻንስለሩ ውለታ የልዑልነት ማዕረግና ርስት በ1814 ሸለመው። የተሸለመው ርስት ክቪሊትስ ነው። የገበሬውን ከጌታው መላቀቅ በድንጋጌ የጻፈው ሰው ራሱ የመንደር ጌታ ሆነ። መንደሩም ብዙ ሳይቆይ በእርሱ ስም ኖይሃርደንበርግ፣ አዲሱ ሃርደንበርግ፣ ተባለ።

አዲሱ ጌታ የድሮውን አርክቴክት ጠራ። ሺንከል በዚህ ጊዜ ዝናው የገነነ ሰው ነበር። ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ከ1820 እስከ 1823 ድረስም በፕሪትቪትስ ቤት ላይ አንድ ፎቅ ጨምሮ ዛሬ የሚታየውን ነጭ፣ ቀጥተኛና ጨዋ መልክ ሰጠው። የአትክልቱን ቦታ የነደፉት የቻንስለሩ አማች ልዑል ፒክለርና ፔተር ዮሴፍ ሌኔ ናቸው። ሁለቱም በጀርመን የአትክልት ጥበብ ታሪክ አቻ የሚታጣላቸው ሰዎች ናቸው። ሃርደንበርግ ግን በቤቱ ብዙ አልተቀመጠበትም። በ1822 በጄኖቫ ሞተ፤ ልቡ ብቻ በፈቃዱ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መንበር ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ እስከ ዛሬም በዚያው አለ።

ከዚህ በኋላ ርስቱ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ከሃርደንበርግ ወደ ሃርደንበርግ ሲተላለፍ ኖረ። የጌታው የዳኝነት ሥልጣን ከ1848 አብዮት በኋላ ቀረ፤ የጉልበት ግዴታውም በ1850 ሕግ መጨረሻውን አገኘ፤ ሰፋፊው እርሻ ግን በቀን ሠራተኞች እጅ መታረሱን ቀጠለ። የመጨረሻው ባለርስት ካርል ሃንስ ፎን ሃርደንበርግ በ1921 ርስቱን ተረከበ። ይህ ሰው ባላባትነትን በአንድ ቀለም ብቻ ለመሳል ለሚፈልግ ጸሐፊ አስቸጋሪ ገጸ ባሕርይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊልድ ማርሻል ፎን ቦክ ዘንድ ረዳት መኮንን ሆኖ ሲያገለግል፣ ሂትለርን ለመገልበጥ ከሚያሤሩት መኮንኖች ጋር ተገናኘ። ሄኒንግ ፎን ትሬስኮቭና ክላውስ ፎን ሽታውፈንበርግ የቅርብ ሰዎቹ ነበሩ። የኖይሃርደንበርግ ቤትም ሤረኞቹ ከሚገናኙባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ልጁ ራይንሂልድ የሽታውፈንበርግ ረዳት ለነበረው ለቬርነር ፎን ሄፍተን ታጭታ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1944 የተጣለው ቦምብ ሂትለርን ሳይገድለው ቀረ፤ ሽታውፈንበርግና ሄፍተን በዚያው ሌሊት በጥይት ተደበደቡ። ከአራት ቀን በኋላ ጌስታፖ ወደ ኖይሃርደንበርግ መጣ። ካርል ሃንስ በራሱ ላይ ተኩሶ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ አልሞተም። ቆስሎ ወደ ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ተወሰደ። ርስቱም በናዚ መንግሥት ተወረሰ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ይህ ውርስ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ታላቅ ትርጉም ያገኛል።

በሚያዝያ 1945 የሶቪየት ጦር ኦደርን ተሻግሮ በአቅራቢያው ባሉት የሴሎው ኮረብታዎች ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ጦርነቱ አብቅቶ በመስከረም ወር በሶቪየት ቀጠና የመሬት ማሻሻያ ታወጀ፤ በብራንደንቡርግ የታወጀው መስከረም 6 ቀን ነው። ከ100 ሄክታር በላይ የሆነ ርስት ሁሉ ያለ ካሣ ተወረሰ፤ የናዚ ወንጀለኞችም መሬት መጠኑ ሳይታይ ተወረሰ። በጠቅላላው 3.3 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ መንገድ ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ። የተከፋፈለው ለቀን ሠራተኞች፣ ትንሽ መሬት ለነበራቸው ገበሬዎችና ከምሥራቅ ለተፈናቀሉ ስደተኞች ነው። አንድ አዲስ ገበሬ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሄክታር ደረሰው። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ሁዳድ ሲያርስ የኖረ ሰው ችካል ተተክሎ «ይህ ያንተ ነው» ሲባል የሚሰማውን ስሜት እኛ የ1967ቱን ዓ.ም. አዋጅ ያየን ሰዎች በሌላ አንደበት እንዲተረክልን አያስፈልገንም።

በሜይ 1 ቀን 1949 የመንደሩ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ተለወጠ፤ ማርክስቫልደ፣ የማርክስ ደን፣ ተባለ። የገበሬው የግል ማሳ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ከ1952 ጀምሮ የእርሻ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ1960 በመላ አገሪቱ ማሳዎቹ በብዙ ግፊት ጭምር ወደ ማኅበራት እንዲጠቃለሉ ተደረገ። ገበሬው በወረቀት ባለመሬት እንደሆነ ቀረ፤ በተግባር ግን ስለ ማሳው የሚወስነው ማኅበሩ ሆነ። በመንደሩ አጠገብ ደግሞ የወታደራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ የመንግሥቱ ባለ ሥልጣናት የሚጓጓዙባቸው አውሮፕላኖች መደብ የነበረው ይኸው ነው። ስለዚህ ማርክስቫልደ በካርታ ላይ ብናየውም እንደ ሌላው መንደር በቀላሉ ደርሰን የምንመለስበት አልነበረም።

ትልቁስ ቤት ምን ሆነ? በ1947 የሶቪየት ወታደራዊ አስተዳደር ለአዲሶቹ ገበሬዎች መኖሪያ እንዲሠራ ባወጣው ትእዛዝ መሠረት ብዙ የባላባት ቤቶች ፈርሰው ጡባቸውና እንጨታቸው ለጎጆ መሥሪያ ዋለ። ይህን ያደረጉትን ሰዎች በቀላሉ አውዳሚ ለማለት አልደፍርም። ጣሪያ የሌለው ስደተኛ ልጆቹን ይዞ ክረምት ሲገባበት፣ ከፊቱ ስድሳ ክፍል ያለው ባዶ ቤት ቆሞ ሲያይ፣ ስለ ሥነ ሕንፃ ቅርስ እንዲያስብ መጠበቅ ከባድ ነው። የማርክስቫልደ ቤት ግን ከመፍረስ ተረፈ፤ የትምህርት ቤት አገልግሎት ሰጠ። ሺንከል ለልዑሉ በነደፋቸው ክፍሎች ውስጥ የገበሬ ልጆች ፊደል ቆጠሩ። በዚህ ቤት ረጅም ታሪክ ውስጥ እንደ መምህር ልቤን ደስ የሚያሰኘው ምዕራፍ ይህ ነው።

ተመሳሳይ ዕድል ያገኘ ሌላም ቤት አለ፤ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ስለሚቀርብ ባጭሩ ላነሣው እወዳለሁ። ከበርሊን በስተደቡብ በቪፐርስዶርፍ የሚገኘው የአርኒም ቤተ ሰብ ርስት፣ ገጣሚው አኺም ፎን አርኒም በ1831 የሞተበት፣ ባለቤቱ ደራሲዋ ቤቲና ፎን አርኒምም አጠገቡ የተቀበረችበት ነው። ቤቲና በ1843 ለንጉሡ በጻፈችው መጽሐፍ የበርሊንን ድሆች ኑሮ ያለ ይሉኝታ የገለጠች የባለርስት ሚስት ናት። ርስቱ በ1945 ሲወረስ ቤቱ ሳይፈርስ ቀርቶ የደራስያንና የሠዓልያን የሥራና የማረፊያ ቤት ሆነ። አና ዜገርስና ክሪስታ ቮልፍ በዚያ ተቀምጠው ሠርተዋል፤ ዛራ ኪርሽ በቤቱ ስም የሚጠራ የግጥም ስብስብ ጽፋለች። ዛሬም በብራንደንቡርግ ግዛት በተቋቋመ የባህል ድርጅት ሥር ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ የጥበብ ሰዎች ይሠሩበታል። ሥርዓቱ ተለውጦም የቤቱ አገልግሎት አልተለወጠም።

ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ሲዋሐዱ የርስቶቹ ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ። ማርክስቫልደ በ1991 መጀመሪያ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ፤ ሦስተኛው የስም ለውጥ ይኸው ነው። ስም መመለስ ቀላል ነው፤ መሬት መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በሰኔ 1990 በደረሱበት ስምምነት ከ1945 እስከ 1949 በሶቪየት ቀጠና የተወረሰው ንብረት ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዳይመለስ ተወሰነ፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 1991 ይህን አጸና። በሌላ በኩል ከ1933 እስከ 1945 በናዚዎች በፖለቲካ ምክንያት የተነጠቀ ንብረት የመመለስ መብት ተሰጠው። ስለዚህ የአርኒም ወራሾች ቪፐርስዶርፍን አላገኙም። የሃርደንበርግ ወራሾች ግን አባታቸው በጌስታፖ ስለተነጠቀ በ1996 ኖይሃርደንበርግን መልሰው አገኙ። አንዱ ርስት ከሌላው የሚለየው ማን ቀድሞ እንደ ነጠቀው ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ የመኳንንቱ ጉዳይ በጋዜጣ ብዙ ተወርቶለታል። የአዲሶቹ ገበሬዎች ልጆች ጉዳይ ግን ያን ያህል አልተወራለትም፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን እርሱ ነው። በመጋቢት 1990 የወጣ ሕግ በመሬት ማሻሻያው የተገኘውን መሬት ያለ ገደብ የባለይዞታዎቹ አድርጎ ነበር። በ1992 ግን የተዋሐደችው ጀርመን ባወጣችው ሌላ ሕግ፣ ከወራሾቹ መካከል በግብርና ያልተሠማሩት መሬቱን ያለ ካሣ ለመንግሥት እንዲለቁ ታዘዙ። አንዳንዶቹ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገቱ። በ2004 አንድ ችሎት ፈረደላቸው፤ በ2005 ግን ታላቁ ችሎት ውሳኔውን ሽሮ የመንግሥቱን እርምጃ አጸደቀ። ዳኞቹ የየራሳቸው የሕግ ምክንያት ነበራቸው፤ እዚህ ልዘረዝረው አልሻም። ነገር ግን አያቱ በ1945 ችካል የተተከለለት ሰው፣ እርሱ መምህር ወይም ሐኪም ስለሆነ ብቻ ማሳውን ሲያጣ፣ ለልጁ ምን ብሎ ያስረዳዋል?

የሃርደንበርግ ወራሾች ታላቁን ቤት አልኖሩበትም። በ1997 ለጀርመን የቁጠባ ባንኮች ማኅበር ሸጡት። ማኅበሩ ቤቱንና የአትክልቱን ቦታ በብዙ ወጪ አሳድሶ ከ2002 ጀምሮ የሥዕል ትርኢት፣ ሙዚቃና ቴያትር የሚቀርብበት የባህል ማዕከልና የእንግዳ ማረፊያ አደረገው። በ2003 የቻንስለር ሽሮደር ካቢኔ ለምክክር የተሰበሰበው በዚሁ ቤት ነው። በአሮጌው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደግሞ በ2012 ታላቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተተከለ። እንግዲህ የንጉሥ አዳኝ፣ የመንግሥት ቻንስለር፣ የናዚ መንግሥት፣ የገበሬዎች ኮሚቴ፣ ትምህርት ቤትና የባንኮች ማኅበር እየተቀባበሉ እዚህ አድርሰውታል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ መንደሩን በእግሬ ለማየት በቃሁ። ሰፊውን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ተራመድኩ፤ በአትክልቱ ቦታ ውስጥ የማርስንና የሚኔርቫን ሐዘን አየሁ፤ ከመንበሩ በስተኋላ የቻንስለሩ ልብ ወዳለበትም ገባሁ። ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም የተጠበቀ ነው። ነጩን ቤት ከሣሩ ሜዳ ላይ ቆሜ ስመለከተው የጠላሁት መስሎኝ ነበር። አልጠላሁትም። የሰው እጅ ይህን ያህል ልክና ሚዛን መጠበቁ ያስደስታል። ነገር ግን ደስታው ብቻውን አልመጣም። ጡቡን የተሸከመ፣ ሸክላውን ያቦካ፣ የአትክልቱን ሐይቅ የቆፈረ ሰው ነበር። ያ ሰው ከአያቴ ጋር ቢገናኙ በቋንቋ ባይግባቡም ስለ ሁዳድና ስለ እኩል ይግባቡ እንደነበር ተሰማኝ።

በእኛም አገር የመሳፍንትና የመኳንንት ቤቶች አሉ። አንዳንዱ ቢሮ፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዱም ፍርስራሽ ሆኗል። ስለ እነዚህ ቤቶች ስንነጋገር ሁለት ወገን ሆነን እንቆማለን። አንዱ ወገን የግፍ ምልክት ናቸውና ቢጠፉም አይቆጩንም ይላል፤ ሌላው ወገን ቅርስ ናቸውና ስለ ግፉ አታውሱብን ይላል። የኖይሃርደንበርግ ታሪክ ሁለቱም ወገኖች እንደማይበቁ ያሳየኛል። ቤቱ ቢፈርስ ኖሮ የሺንከልን ጥበብ ብቻ ሳይሆን የክቪሊትስን ገባሮች ማስረጃም አብረን እናጣ ነበር፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች ከእጃቸው ሥራ በቀር ሌላ ሐውልት የላቸውም። ቤቱ ቆሞ ስለ ጌቶቹ ብቻ የሚተርክ ከሆነ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው የሚናገረው።

እኛ መምህራን ልጆችን ወደ አንድ አሮጌ ቤት ስንወስድ ማን እንዳሠራው እንነግራቸዋለን። ማን እንደሠራውም እንንገራቸው። ቀራፂውና ሠዓሊው የንጉሡን ሐውልት ሲያደንቅ፣ ለሐውልቱ የተከፈለው ገንዘብ ከየትኛው ማሳ እንደ ወጣ ይጠይቅ። ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው ደግሞ መሬት ሲሰጥም ሆነ ሲወስድ፣ የመንደር ስም ሲያወጣም ሆነ ሲለውጥ፣ የክቪሊትስን ገበሬ ያስብ። ያ ገበሬ በሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ የመንደሩ ስም ሦስት ጊዜ ተለውጦበታል፤ ማሳውን ግን የእኔ ብሎ በሙሉ ልቡ ያረሰባቸው ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።